የእትዬ ድስት

ወልቂጤ ባለው ቤታችን፣ ከማድቤቱ መደርደሪያ ላይኛው ጥግ፣ የእኛ ያልሆነ ድስት ተቀምጧል። የገዛችው እናቴ ናት፤ ግን አንድም ቀን ወጥ ሠርታበት አታውቅም። ውስጡ አንድ ቢላዋና አንድ ጭልፋ በፌስታል ተጠቅልለው አሉ። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ እንቁላል ልቀቅልበት ሳወርደው እናቴ ከሳሎን ሮጣ መጥታ ከእጄ ነጠቀችኝ። «የእትዬ ድስት ነው!» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማናችንም ነክተነው አናውቅም።

እትዬ ጎረቤታችን ናቸው። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ እኛ ጴንጤ ነን። በሁለታችን ግቢ መካከል ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ፣ እኔ ሳልወለድ የተከፈተች፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባት ቀዳዳ አለች። አሥር ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ የዋናውን በር ጥቅም በደንብ የማውቅ አይመስለኝም።

እዚህ አገር ላደገ ሰው ድስቱ ለምን እንደተለየ ማስረዳት አያሻም። ሽሮ፣ ጎመን፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቡና ያለ ምንም ጣጣ በቀዳዳዋ ያልፋሉ። ሥጋ ሲሆን ግን ሁላችንም እንቆማለን። በጉ ያው በግ ነው፤ ለውጡ ሲታረድ የተጠራው ስም ላይ ነው። ስለዚህ ድግስ ሲኖረን እናቴ ሁለት በግ ትገዛለች። ሁለተኛውን የእትዬ ልጅ መጥቶ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ በዚያ ቢላዋ ያርደዋል። እትዬ ራሳቸው በእኛ ጓሮ፣ በእኛ እንጨት፣ በዚያ ድስት ይሠሩታል። ሙስሊም እንግዶቻችን ከእሱ ይበላሉ። ሲያልቅ ድስቱን አጥበው፣ አድርቀው፣ ቦታው ይመልሱታል።

ይሄ የእናቴ ፈጠራ አይደለም። ክርስቲያንና ሙስሊም አጥር ተጋርቶ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ፣ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም የሚደረግ ነገር ነው። ከጉራጌ ውጭ ያላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የምታውቁን በክትፎ ነው። እውነት ነው፤ እንግዳ ያከበርን ቀን የምናቀርበው ክትፎ ነው። ግን እስቲ አስቡት፦ የምንኮራበት ምግብ፣ ጨው ካለቀብን መጀመሪያ ከምንሮጥባቸው ሰዎች ጋር አብረን የማንበላው ምግብ ነው።

ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ሥጋ አይደለም። ስለ ግብዣ ነው። ጎረቤቴን ወደ እምነቴ ላመጣት ብዬ ማዕድ ከጠራኋት፣ የጠራኋት እሷን ነው ወይስ እንድትሆንልኝ የምፈልጋትን ሰው? ይሄን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በአንድ ቅዳሜ ማታ፣ በራሴ ቤት፣ በራሴ ጥፋት ነው ያገኘሁት።

*

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ቤት እንደተመለስኩ፣ የማገለግልበት የወጣቶች ኅብረት አንድ ዕቅድ አወጣ። እያንዳንዳችን አንድ ጎረቤት እንመርጣለን። ለዚያ ሰው አንድ ወር እንጸልያለን። ከዚያ ቤታችን ጠርተን አብረን እንበላለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ እንጫወታለን፤ በመጨረሻም ጌታ በሕይወታችን ያደረገውን እንመሰክራለን። አንድ ደብተር ነበር። በማስመሪያ የተሰመሩ አራት ዓምዶች ነበሩት፦ ስም፣ ሃይማኖት፣ የተጠራበት ቀን፣ ውጤት።

ሦስተኛው መስመር ላይ «እትዬ» ብዬ ጻፍኩ።

እነዚያን ልጆች እንድትንቁብኝ አልፈልግም። ክፉዎች አልነበሩም። ሥራ የሌላቸው ነበሩ፤ ለቡናና ለስኳር የሚሆነውን ከትራንስፖርታቸው ቀንሰው ነው ያዋጡት። ዕቅዱም ቢሆን ከለመድነው የተሻለ ነበር። በሞንታርቦ ሰፈሩን ቀስቅሶ ከመስበክ ሰውን ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ማነጋገር ይሻላል፤ ቢያንስ ሰውዬው መልስ መስጠት ይችላል። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ለምወዳቸው ሰው፣ ያለኝን ትልቁን ነገር ልሰጣቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ሥጋ የሌለበት ምግብ መረጥኩ። የጎመን ክትፎ ሠራሁ። ቸሃ ውስጥ መስቀል ሲደርስ፣ በሬው ሳይታረድ በፊት የሚበላው እሱ ነው፤ ጎመኑ ደቅቆ ይከተፋል፣ በተነጠረ ቅቤና በሚጥሚጣ ይታሻል፣ አይብ ከጎኑ ይቀርባል። ቆጮ አስጋገርኩ። አዲስ ሳህን ገዛሁ። ከዚያ ታናሽ ወንድሜን «እትዬን፣ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እራት ቤታችን ተጠርተዋል በላቸው» ብዬ ላክሁት።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። የኋላው አይደለም፣ ዋናው በር። እትዬ ለዒድ የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ በእጃቸው አንድ ኪሎ ስኳር ይዘው ቆመዋል።

ያን ጊዜ ልቤ ትንሽ ደነገጠ። ለምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ሃያ ዓመት በነጠላ ጫማ ጎንበስ ብለው የገቡ ሴትዮ፣ ስኳር ይዘው ዋና በር አንኳኩ። ጎረቤት ነበሩ፤ እኔ እንግዳ አደረግኳቸው።

«ልጄ፣ ደህና ነው? ማን ሊያገባ ነው?» አሉኝ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«ምንም የለም እትዬ፤ ዝም ብዬ ነው የጠራሁዎት።»

«ዝም ብለሽማ አትጠሪኝም። እኔና አንቺ መቼ ተጠራርተን እናውቃለን?»

በላን። ጎመኑን አሞገሱልኝ። ቡናው ተፈላ። በአቦሉ ስለ ዝናቡና ስለ በርበሬ ዋጋ አወራን። ቶናው ላይ እኔ ጀመርኩ። በዩኒቨርሲቲ ጊዜዬ እንዴት ተስፋ እንደቆረጥኩ፣ እንዴት እንደጸለይኩ፣ እንዴት ሰላም እንዳገኘሁ ነገርኳቸው። አልዋሸሁም፤ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ግን ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም፤ የተለማመድኩት ነበራ። እትዬ አንድም ጊዜ ሳያቋርጡኝ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጨረስሽ?»

«አዎ።»

«ከልብሽ እንደሆነ አይቻለሁ፤ አላህ ያክብርልኝ። አንድ ወር ጸለይሽልኝ አሉ።» ወንድሜን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። «ደብተሩ ላይም ሦስተኛ ነኝ አሉ።» ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

«እኔ ደግሞ» አሉ፣ «አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ፣ ለሱብሒ በተነሳሁ ቁጥር ዱዓ አደርግልሻለሁ። ይቺን ልጅ ወደ ቀናው መንገድ ምራልኝ እላለሁ። አንድ ቀን ነግሬሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ለምን ይመስልሻል?»

ዝም አልኩ።

«ቤቴ የምትመጪው ዳቦ ፍለጋ ነበር። ዳቦ ፍለጋ ለመጣ ልጅ ዳቦ ነው የሚሰጠው።»

በረካውን ጠጡ፤ መረቁን። የእኔ ልጅ እንድትባረክ፣ ቤቱ እንዲሞላ፣ የእናቴ ጤና እንዲመለስ። ከዚያ በዋናው በር ወጡ። በማግሥቱ በቀዳዳዋ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም።

*

ያን ሁለት ሳምንት ብዙ አሰብኩ። መጀመሪያ ራሴን ለመከላከል ሞከርኩ። «ዓላማ የሌለው ግብዣ የታለ?» አልኩ። ነጋዴ ደንበኛውን ምሳ ይጋብዛል። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ይበላል ይጠጣል። የዕድር ዳኛ መሆን የፈለገ ሰው ቡና ያበዛል። የእኔ ዓላማ ከእነዚህ ሁሉ ይሻላል እንጂ አያንስም፤ እኔ የምፈልገው የእሳቸውን ነፍስ ነው።

ግን መልሱ ራሱ ምሳሌው ውስጥ አለ። ነጋዴው ሲጋብዝህ ነጋዴ መሆኑን ታውቃለህ። ሽማግሌው ገና ከበሩ ሳያልፍ ለምን እንደመጣ ያስታውቃል። እኔ ግን «ዝም ብዬ ነው የጠራሁዎት» አልኩ። በዚያ ማታ ስለ እውነት ልናገር ተዘጋጅቼ የተናገርኩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነበር።

ሁለተኛው ነገር ውለታ ነው። እኛ ዘንድ የበላ ሰው ባዶ እጁን አይነሳም፤ ባለዕዳ ሆኖ ነው የሚነሳው። «የበሉበትን ወጪት ሰባሪ» የሚለው ስድብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሰውን አብልቶ፣ ጠግቦ ሳይነሳ በፊት ትልቅ ጥያቄ መጠየቅ፣ አፉ ላይ እጅን እንደማስቀመጥ ነው። እምቢ ቢል ምግቡን የሰደበ ይመስለዋል። እትዬ ታላቅ ስለሆኑና ስለሚወዱኝ መልስ ሰጡኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ራሱን ነቅንቆ፣ አመስግኖ ይሄድ ነበር፤ እኔም ደብተሩ ላይ «ልቡ ተነክቷል» ብዬ እጽፍ ነበር።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት፣ ሰውን ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ አድርገን መያዝ የለብንም ይላል። ክብደቱ «ብቻ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ሁላችንም እንጠቃቀማለን፤ ዳቦ ቤቱን የምሰላመው ዳቦም ስለምፈልግ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ሰውዬው ከዓላማዬ ውጭ ምንም ሲቀርበት ነው። «ውጤት» የሚለው ዓምድ ይሄን ነው የሚያደርገው። እኔን ያሳደጉኝን ሴትዮ፣ አባቴ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ እናቴን ያልተለዩትን ሰው፣ ገና ያልተሞላ ክፍት ቦታ አደረጋቸው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ፤ ተጋባዡ ሲርበው። በቻይናና በህንድ የሚስዮናውያን ታሪክ ውስጥ «የሩዝ ክርስቲያኖች» የሚል መጠሪያ ነበር፤ ለእምነቱ ሳይሆን ለሚታደለው ሩዝ ብለው ተጠመቁ ለተባሉ ሰዎች የወጣ የንቀት ስም ነው። እኔን የሚገርመኝ ስድቡ በተራቡት ላይ መውደቁ ነው። ሩዙን ከጥምቀቱ ጋር ያሰረው ማን ነበር? በእኛም አገር ሥልጣን ያለው ሰው ግብዣ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ፣ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን፣ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዙ። እምቢ ማለት የማይቻልበት ጥሪ ጥሪ አይደለም።

አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ይሄን አያውቁም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ፣ ቫቲካንና የዓለም ወንጌላውያን ኅብረት በአንድ ላይ ስለ ክርስቲያናዊ ምስክርነት አንድ ሰነድ አውጥተዋል። በብዙ ነገር የማይስማሙት ሦስቱ፣ የሰውን ድህነትና ችግር ለስብከት መጠቀም እንደማይገባ፣ በገንዘብም ሆነ በሌላ ማባበያ ሰውን መሳብ ምስክርነትን እንደሚያበላሽ ተስማምተዋል። ምስክርነትን ግን አልተዉም። ሁለቱን አብረው ነው የያዙት።

ለእኛ ለቸሃ ልጆች ይሄ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ ቸሃ ውስጥ አጣጥ ሆስፒታል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የካቶሊክ መነኮሳት ሐኪሞች የመሠረቱት። የአጥቢያችን ሰው ሁሉ፣ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ የወለደበትና የታከመበት ቦታ ነው። እናቴ እኔን የወለደችው እዚያ ነው፤ የእትዬም የመጨረሻ ልጅ እዚያ ተወለደ። እትዬ ስለዚያ ሲያወሩ «ሴትዮዋ እጇ ቀላል ነበር» ይላሉ እንጂ ማንም ስለ ሃይማኖታቸው እንደጠየቃቸው አያስታውሱም። ግድግዳው ላይ ግን መስቀሉ አለ። አልተደበቀም፤ ማንም ላይም አልተንጠለጠለም።

*

በሦስተኛው ሳምንት ምጣዳችን ተሰነጠቀ። ሊጡ ደርሷል፤ ቤት ውስጥ እንጀራ የለም። እናቴ ሊጡን አስታቀፈችኝና «ሂጂ፣ እትዬ ጋ ጋግሪ» አለችኝ። እንደ ድሮው ጎንበስ ብዬ በቀዳዳዋ ገባሁ። ፊቴ እንደ ምጣዱ ይግላል።

እትዬ ምንም እንዳልተፈጠረ እሳቱን አነደዱልኝ። ስጨርስ «ቁጭ በይ» አሉኝ። ሽሮ አቀረቡ፤ ከእንጀራዬ ቆርሰው አጎረሱኝ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ። ስለዚያ ማታ ምንም አላሉም። በማግሥቱ እሳቸው በቀዳዳዋ መጡ፤ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ባዶ እጃቸውን።

ያኔ ነው ስንት ጊዜ ያነበብኩት የወንጌል ክፍል ሌላ ነገር የነገረኝ። ሉቃስ ላይ ክርስቶስ ሰባዎቹን ደቀ መዛሙርት ሲልክ (ሰባ ሁለት የሚሉም አሉ) ገንዘብ እንዳይዙ፣ ስንቅ እንዳይቋጥሩ አዘዛቸው። ወደ ሰው ቤት ገብተው ሰላም እንዲሉ፣ የቀረበላቸውን እንዲበሉ ነገራቸው። የተላኩት ሰዎች ጋባዦች አልነበሩም፤ ተጋባዦች ነበሩ። ስለ ምግባቸው በማያውቁት ሰው ቸርነት ላይ ወደቁ። ዘኬዎስንም ተመልከቱ፤ ክርስቶስ ዘኬዎስን ቤቱ አልጠራውም፣ ራሱ ወደ ዘኬዎስ ቤት ገባ እንጂ።

በእስልምና ትውፊትም በአገራችን የሚነገር ታሪክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ ወደ አክሱም የተሰደዱት የነቢዩ ተከታዮች ታሪክ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናነሳው የንጉሡን ደግነት ነው። ግን እዚያ ታሪክ ውስጥ ስለ እምነቱ የተናገረው ማን ነው? ስደተኛው። ባለ ዙፋኑ ጠየቀ፤ ሰማ፤ አስጠጋ። ሥልጣኑ በእጁ የነበረው ሰው ድርሻ ማዳመጥ ሆነ።

እኔ ያን ቅዳሜ ማታ ሁለቱንም ወንበር ይዤ ነበር። ባለቤቷም እኔ፣ ተናጋሪዋም እኔ። ቤቱ የእኔ፣ ምግቡ የእኔ፣ ሰዓቱ የእኔ፣ ርዕሱም የእኔ። ለእትዬ የተረፈላቸው መስማት ብቻ ነበር።

እናቴ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ስታደርግ ኖራለች። በራሷ ድግስ ላይ ቢላዋውን ለሌላ ሰው አሳልፋ ትሰጣለች። በራሷ ግቢ ውስጥ የእሷ ያልሆነ ስም ይጠራል። በገዛችው ድስት ላይ አታዝዝም። ይሄን ስታደርግ እምነቷን አሳንሳ አይደለም፤ እናቴ ከእኔ ይልቅ አጥብቃ ጸሎተኛ ናት። እሷ የገባት፣ ሰውን ከልብ ማስተናገድ ማለት ከቤቴ የተወሰነችዋን ቦታ ለእሱ ለቅቄ እኔ እንግዳ መሆን እንደሆነ ነው።

ይሄ ከቸሃም የወጣ ነው ብዬ አስባለሁ። ቸሃ ውስጥ የአያቶቼ መንደር ጀፎረ አለው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው መካከሉ ሰፊ የሣር ሜዳ የሆነ መንገድ። ለቅሶውም ጭፈራውም ከብቱም እዚያ ነው። አያቴ በልጅነታቸው ዋቅና ቦዠ የሚባሉትን የጥንት አማልክት ስም ሲጠራ ሰምተው አድገዋል። ዛሬ በዚያው ወረዳ፣ እምድብር ላይ የካቶሊክ ጳጳስ መንበር አለ፤ አብሬት ላይ ሰው ከሩቅ የሚመጣበት የሱፊዎች ሐድራ አለ። የእኛው ዘመዶች ውስጥ አራቱም ዓይነት ሰው አለ። ለመስቀል ክርስቲያኑ ከአዲስ አበባ ይገባል፤ ለአረፋ ሙስሊሙ ይገባል። ሁሉም የሚመላለሰው በአንድ ጀፎረ ነው። ጀፎረ ላይ ደግሞ ማንም ማንንም አይጋብዝም፤ የማንም አይደለማ። እዚያ ሰው የሚገናኘው ሲያልፍ ነው።

*

ነገሩን እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን ያልተፈታ አለብኝ።

እትዬን ከደብተሩ ልሰርዛቸው እንደምፈልግ ለኅብረታችን መሪ ስነግረው፣ አልተቆጣም። ጸጥ ብሎ ቆየና «እሺ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የምናምነውን ታምኛለሽ?» አለኝ። «አምናለሁ» አልኩት። «እንግዲያው እሳት የተነሳበት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ብታዪ፣ ጨዋነት ይዞሽ ዝም ትያለሽ?»

ይሄን ጥያቄ የሚያጣጥሉ ብዙ ጓደኞች አሉኝ። «ሃይማኖት የግል ነው፣ ተዉ» ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ ላልፈው አልቻልኩም። የያዝኩት ነገር እውነት ነው ብዬ ካመንኩ፣ በጣም የምወደው ሰው ላይ መደበቄ ንፉግነት ነው። ሰውን ማክበር ማለት ከእሱ ጋር ስለ ትልቁ ነገር በጭራሽ አለማውራት ከሆነ፣ እሱም ሌላ ንቀት ነው፤ አይችለውም፣ አይገባውም እንደማለት። እትዬም ለእኔ ያንኑ እሳት ይፈሩልኛል። ሃያ ዓመት በየሌሊቱ ተነስተዋል። ያን የሰማሁ ማታ መጀመሪያ የተሰማኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቅሬታ ነበር፦ «እኔ ምን ጎደለብኝና?» የሚል። ከዚያ ነው እሳቸው በእኔ ፊት ተቀምጠው ምን ተሰምቷቸው እንደነበር የገባኝ።

ስለዚህ ምኞቱ ጥፋት አይመስለኝም። ምኞቱ በሁለታችንም ቤት አለ። ልዩነቱ እትዬ ምኞታቸውን ለፈጣሪያቸው ነገሩ፤ ዳቦውን ለእኔ ሰጡ። እኔ ዳቦውን የምኞቴ ማጓጓዣ አደረግኩት።

ለመሪያችን የመለስኩለት ይሄን ነው። «እሳት ካለ እጮሃለሁ። ግን በእሳት ጊዜ ማንም እራት ሠርቶ፣ አቦል ጠጥቶ፣ ቶና ላይ አይናገርም። ከጮህኩም በግልጽ ልጩህ፤ ካበላሁም ላብላ።» አልተስማማም። እስካሁን በዚህ እንከራከራለን። አሁንም አብረን እናገለግላለን።

ለራሴ ግን ሦስት ጥያቄ ይዣለሁ። ሰውን ቤቴ ስጠራ እጠይቃቸዋለሁ። እምቢ ቢለኝ ነገም እጠራዋለሁ? እሱ ቤት ሄጄ፣ የእሱን ምግብ በልቼ፣ እሱ ስለሚያምነው እስከ መጨረሻው መስማት እችላለሁ? ለምን እንደጠራሁት ቢጠይቀኝ ሳላፍር መናገር እችላለሁ? ሦስቱንም አዎ ካልኩ፣ ስለ እምነቴ ባወራም ባላወራም ማዕዱ ማዕድ ነው። አንዱ እንኳ ከጎደለ፣ ወጥመድ ላይ ጎመን እያስቀመጥኩ ነው።

የዚያን ዓመት አረፋ እትዬ ወንድሜን ላኩብን። «እራት አይደለም በላቸው፤ ዝም ብለው ይምጡ» ብለው ነው አሉ። ሄድን። ቤቱ ከአዲስ አበባ በመጡ ልጆቻቸው ሞልቷል፤ ሥጋው በአንድ በኩል ይሸታል። ለእኛ በሌላ በኩል ጎመንና አይብ ተለይቶ ቀርቧል። እትዬ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ጎመኑን በሉ፤ የራሳቸው በዓል ላይ፣ ሥጋውን ትተው። እናቴ «ኧረ እትዬ፣ ከሥጋው ይብሉ!» ብትላቸው «ሥጋ ነገም አለ» አሉ።

ስንበላ አንዱ ትንሽ የልጅ ልጃቸው ወደ እኔ መጥቶ «ለምን ከእኛ አትበዪም?» አለኝ። ሁሉም ዝም አለ። እትዬን አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት በደንብ አላስታውስም። የሆነ ነገር ስለ እግዚአብሔር ተናግሬያለሁ፤ አጭር ነበር፤ አልተለማመድኩትም። እትዬ ቀጠሉና እነሱም ከእኛ ለምን እንደማይበሉ በራሳቸው መንገድ ነገሩት። ልጁ ሁለታችንንም ሰማና «እና ለምን አብራችሁ ትበላላችሁ?» አለ።

እናቴ ሳቀች። እትዬ አጎረሱት። ወደ ቤት ስንመለስ በቀዳዳዋ ጎንበስ ብለን ገባን፤ በቀጣዩ ወር የወንድሜ ሠርግ ስለነበር እናቴ ድስቱን ከመደርደሪያው አውርዳ በፌስታሉ ያለውን ቢላዋ አየችው። ዝጓል። «ነገ እትዬን አዲስ እንዲመርጡልን ልንገራቸው» አለች፤ «እነሱ ናቸው የሚያውቁት።»